የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪና የካምፓስ አገልግሎት ድረ ገጽን ለስልክ ማስተካከል፦ ከየት ይጀመር?

ጠያቂ፦ ማህሌት_ዌብ

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ድረ ገጽና አብረውት ያሉት የካምፓስ አገልግሎት ገጾች በስልክ በደንብ እንዲሠሩ እንፈልጋለን። አሁን ያለው እንዲህ ነው። ዋናው ገጽ ለኮምፒውተር ታስቦ የተሠራ ሲሆን ስፋቱ 960 ፒክሰል ላይ ተቸክሏል። ካታሎጉ ኮሃ የሚባለው የላይብረሪ ሶፍትዌር ነው። ጆርናሎቹ ከካምፓስ ውጪ የሚከፈቱት በኢዚፕሮክሲ (ተማሪነትን አረጋግጦ ወደ አሳታሚው በሚያሳልፍ ሰርቨር) በኩል ነው። የማጥኛ ክፍል ማስያዣው ክፍሎቹን በአንድ በኩል፣ ሰዓቱን በሌላ በኩል የሚደረድር ትልቅ ሠንጠረዥ ነው። የሥራ ሰዓት፣ የአውቶቡስ ፕሮግራምና የካምፓስ ካርታ ሁሉም ፒዲኤፍ ናቸው። የሬጅስትራር ፎርሞችም አሉ፤ አንዳንዶቹ የሰነድ ፎቶ መጫን ይጠይቃሉ።

የምንሠራው ሁለት ሰዎች ነን፣ ያለን ጊዜም አንድ ሴሚስተር ነው። ለስልክ ብቻ የሚሆን ሌላ ሳይት እንሥራ፣ ያለውን እናስተካክል ወይስ አፕ ይሻላል? መጀመሪያ የሚነካውስ የቱ ነው? በተለይ እኛ ያልሠራነውን፣ ማለትም ካታሎጉንና የአሳታሚዎችን ገጽ፣ ምን ማድረግ ይቻላል?

---

ቢኒ_ፍሮንትኤንድ

ለስልክ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ሳይት አትሥሩ። ሁለት ሳይት ካለ እያንዳንዱ ማስታወቂያ ሁለት ቦታ መለጠፍ አለበት፤ ሰው ሲቸኩል አንዱን ይዘለዋል፣ የሚዘለለውም አብዛኛውን ጊዜ የስልኩ ነው። ሊንክ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። መምህር የአንድን መጽሐፍ ሊንክ ለተማሪ ይልካል፤ ሰርቨሩ ስልክ መሆኑን አይቶ ወደ ስልኩ ሳይት መግቢያ ገጽ ይወረውረዋል፤ መጽሐፉ እዚያ የለም። አንድ አድራሻ፣ አንድ ኤችቲኤምኤል (የገጹ ይዘት ኮድ)፣ እንደ ስክሪኑ ስፋት የሚታጠፍ ሲኤስኤስ (የገጹ መልክ ኮድ) ይኑራችሁ።

መጀመሪያ የቪውፖርት ሜታ ታግ (ገጹ በምን ስፋት እንደሚሳል ለብሮውዘሩ የሚነግር የኤችቲኤምኤል መስመር) መኖሩን አረጋግጡ። ይህ አንድ መስመር ከሌለ የስልክ ብሮውዘር ገጹ 980 ፒክሰል ስፋት እንዳለው አድርጎ ይስለውና አሳንሶ ያሳየዋል፤ የቀረውን ሲኤስኤስ ምንም ያህል ብታሳምሩት ለውጥ አይታይም። በታጉ ውስጥ ስፋቱን የመሣሪያው ስፋት፣ መነሻ ማጉያውን 1 አድርጉ፤ ሌላ አትጨምሩ። ተጠቃሚው በጣቱ እንዳያጎላ የሚከለክል ቅንብር ካገኛችሁ ያለ ክርክር አውጡት። ጽሑፍ እስከ 200 በመቶ መጉላት መቻል እንዳለበት የዌብ ተደራሽነት መመሪያው ደብሊውሲኤጂ ይጠይቃል፤ ባይጠይቅም ዓይኑ የደከመ ሰው ላይ በር መዝጋት ነው።

ቀጥሎ 960ውን ፒክሰል ከስፋት ወደ ከፍተኛ ስፋት (ማክስ ዊድዝ) ቀይሩት። መሠረታዊውን ሲኤስኤስ ለጠባቡ ስክሪን ጻፉ፤ ሁሉም ነገር በአንድ ዓምድ ከላይ ወደ ታች ይውረድ፣ ቦታ ሲገኝ ዓምድ ይጨመር። መታጠፊያውን በስልክ ሞዴል አትወስኑ፤ ሞዴል በየዓመቱ ይቀያየራል። የብሮውዘሩን መስኮት ቀስ እያላችሁ አጥብቡና ይዘቱ መጨናነቅ የሚጀምርበት ላይ አድርጉት። ወለሉ 320 ፒክሰል ነው። በዚያ ስፋት ጽሑፍ ለማንበብ ወደ ጎን መጎተት ካስፈለገ ገጹ አላለቀም።

ወደ ጎን የሚጎተት ገጽ ሲያጋጥማችሁ አጥፊዎቹ የታወቁ ናቸው፦ ቋሚ ስፋት የተሰጠው ምስል ወይም አይፍሬም (ሌላ ገጽ በገጹ ውስጥ የሚያሳይ ሳጥን)፣ ሠንጠረዥ፣ ክፍተት የሌለው ረጅም የዲኦአይ (የጥናት ጽሑፍ ቋሚ አድራሻ) ሊንክ። ብዙ ሰው የሚያደናግረው ግን በፍሌክስ ወይም በግሪድ (የገጹን ክፍሎች በሚደረድሩ የሲኤስኤስ ዘዴዎች) ውስጥ ያለ ልጅ ኤለመንት ነው፤ ካልተነገረው በስተቀር ከይዘቱ በታች አይጠብም። ዝቅተኛ ስፋቱን (ሚን ዊድዝ) 0 ስታደርጉት ይጠባል። ለረጅሙ ሊንክ ኦቨርፍሎው ራፕን «ኤኒዌር» በሉት። አጥፊውን ለማግኘት ለሁሉም ኤለመንት ቀይ አውትላይን (በዙሪያው የሚሰመር መስመር) ስጡና በ320 ፒክሰል እዩ። ቦርደር ሳይሆን አውትላይን፣ ምክንያቱም ቦርደር ራሱ ስፋት ስለሚጨምር ፍለጋውን ያበላሸዋል። የቦዲውን ኦቨርፍሎው «ሂድን» ብሎ መገላገል መፍትሔ አይደለም። የተቆረጠው «አስገባ» ቁልፍ ከስክሪኑ ውጪ ይቀራል፣ መቆረጡንም የሚያውቅ የለም።

የሚነካ ነገር ሁሉ ለጣት ይብቃ። በ2023 የወጣው ደብሊውሲኤጂ 2.2 ዝቅተኛውን 24 በ24 ፒክሰል ይላል፤ አፕል 44 ነጥብ፣ አንድሮይድ 48 ዲፒ ይመክራሉ። 44ን ያዙ። የመጻፊያ ሳጥን ፊደል ከ16 ፒክሰል ካነሰ አይፎን ላይ ሳጥኑ ሲነካ ሳፋሪ ገጹን በራሱ ያጎላውና ተማሪው የት እንዳለ ይጠፋዋል፤ ስለዚህ 16 ይሁን። ማውዝ ሲያልፍበት ብቻ የሚከፈት ሜኑ በጣት አይከፈትም፤ በመንካት የሚከፈት ቁልፍ አድርጉት።

ክብደትን በተመለከተ፣ አናት ላይ የሚሽከረከሩት ትልልቅ ፎቶዎች ይውጡ። ሞባይል ዳታውን የሚበሉት እነሱ ናቸው፤ ተማሪው የሚፈልገው ፍለጋ ሳጥንም በእነሱ ምክንያት ወደ ታች ይገፋል። ለሚቀሩት ምስሎች በየስፋቱ የተዘጋጀ ቅጂ አቅርቡ፣ ፎርማቱም ዌብፒ ይሁን። ስፋትና ቁመታቸውን ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ ምስሉ ሲደርስ ገጹ ይዘላል፣ ተማሪውም «አድስ»ን ሊነካ ሲል ሌላ ይነካል። ግቡ የታወቀው የጉግል የገጽ ልኬት (ኮር ዌብ ቫይታልስ) ነው፦ ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ፣ ለመንካት ምላሽ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ፣ የገጽ መዝለል ከ0.1 በታች።

---

ሰሎሜ_ሲስተምስ

ቢኒ ያለው ሁሉ ያስፈልጋል። እኔ ግን ከሲኤስኤሱ በፊት የአንድ ቀን ሥራ አስቀድማለሁ፦ የሳይቱን ሎግ (የጎብኚዎች መዝገብ)ና የካታሎጉን ፍለጋ መዝገብ ከፍታችሁ በስልክ የሚመጣው ሰው ምን እንደሚፈልግ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝሩ አጭር ነው። መጽሐፉ አለ ወይ፣ የት መደርደሪያ ነው፣ ላይብረሪው አሁን ክፍት ነው ወይ፣ የተዋስኩትን ላድስ፣ ክፍል ልያዝ። እነዚህ በመጀመሪያው ስክሪን ላይ በግልጽ በጽሑፍ ይቀመጡ፤ ሜኑ በሚከፍተው ባለ ሦስት መስመር ምልክት ሥር አይደበቁ። ራእይና ተልእኮ፣ የዳይሬክተር መልእክትና የዜና ፎቶ ከታች ይውረዱ። ይህን ለማስወሰን ስብሰባ ያስፈልጋል፣ ከኮዱም በላይ ሊያደክም ይችላል፤ ግን ይህ ሳይሆን የተሠራ ሁሉ የኮምፒውተሩን ገጽ ማጥበብ ብቻ ነው።

ኮሃን በተመለከተ መልካም ዜና አለ። የኦፓኩ፣ ማለትም ተማሪው የሚፈልግበት የካታሎግ ገጽ፣ በቡትስትራፕ (እንደ ስክሪኑ በሚታጠፍ ዝግጁ የዲዛይን ኮድ) የተሠራ ስለሆነ ምንም ሳይነካ በስልክ ይታጠፋል። የሚያበላሸው በላዩ የተጨመረው ነው። በአስተዳደር ክፍሉ ሲስተም ፕሪፈረንስ ውስጥ ኦፓክ ዩዘር ሲኤስኤስ እና ኦፓክ ዩዘር ጄኤስ የሚባሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ የዓመታት ጥገና የሚከማቸው እዚያ ነው። ይዘታቸውን ፋይል ላይ ገልብጡ፤ ቀጥታ ላይ ባለው ሳይሆን በሙከራ ሰርቨር ላይ ባዶ አድርጓቸው፤ ካታሎጉን በስልክ እዩት፤ ከዚያ ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ መልሱ። በቋሚ ስፋት የተሠራ ራስጌና በሠንጠረዥ የተደረደረ ሎጎ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሆኖ ይገኛል። ኮሃውን ራሱን አሻሽላችሁ ከሆነ ሳጥኖቹን መፈተሽ አትርሱ፤ የድሮው ሲኤስኤስ የሚጠራቸው ስሞች በአዲሱ ስሪት ተቀይረው ሊሆን ይችላል።

የመጽሐፉ ዝርዝር ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ስጡ። ተማሪው ያን ገጽ የሚያየው መደርደሪያ መሐል ቆሞ፣ በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ ነው። ኮል ነምበር (የመጽሐፉ የመደርደሪያ ቁጥር)፣ ያለበት ፎቅ ወይም ክፍል፣ እና «መደርደሪያ ላይ ነው» ወይም «እስከዚህ ቀን ተውሷል» የሚለው ከርዕሱ ቀጥሎ ይምጡ፤ የርዕሰ ጉዳይ ቃላት፣ ማስታወሻና የአሳታሚ ዝርዝር ከዚያ በኋላ። የቅጂዎቹ ሠንጠረዥ ዓምዶቹ ብዙ ናቸው፤ ባርኮዱና የውስጥ ማስታወሻው በጠባብ ስክሪን ይደበቁ። ኮል ነምበሩ ተለቅ ባለ ፊደል ይጻፍ፣ በመሐሉም አይሰበር። የነጥቡ ግራና ቀኝ በሁለት መስመር ከተከፈለ ተማሪው የተሳሳተ መደርደሪያ ላይ ይቆማል።

ማጣሪያው ሌላው ችግር ነው። የጎን ዓምዱ በስልክ ሲታጠፍ ወይ ከውጤቱ በላይ ይወጣና ተማሪው ደርዘን ማጣሪያ አልፎ ነው የመጀመሪያውን መጽሐፍ የሚያየው፣ ወይ ከታች ይገባና መኖሩን ሳያውቅ ይቀራል። «አጣራ» የሚል ቁልፍ አድርጉለት፤ ሲነካ ፓነል ይክፈት፣ የተመረጠው ማጣሪያ ደግሞ ከውጤቱ በላይ ከማጥፊያ ምልክቱ ጋር ይታይ። ያለዚህ ተማሪው ትናንት የመረጠው ማጣሪያ ሳይነሳ ይፈልግና «መጽሐፉ የለም» ብሎ ይሄዳል።

በግዕዝ ፊደል የተካተቱ ርዕሶች ካሏችሁ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በፍለጋ ማውጫው ውስጥ አንድ ይሁኑ። በስልክ ኪቦርድ ሰው የሚጽፈው ቅርብ ያለውን ፊደል ነው። የምትጠቀሙት የፍለጋ ሞተር ዜብራ ከሆነ በአይሲዩ (የፊደል አያያዝ) የቅንብር ፋይሉ፣ ኢላስቲክሰርች ከሆነ በፊደል ማጣሪያው ይሠራል፤ ከዚያ ማውጫውን እንደ አዲስ መገንባት ግዴታ ነው፣ አለበለዚያ ለውጡ አዲስ በሚገቡት መዛግብት ላይ ብቻ ይታያል።

የአሳታሚዎቹን ገጽ ማስተካከል አትችሉም፣ ሊንኩን ግን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። አንድ ጽሑፍ በፒዲኤፍም በኤችቲኤምኤልም ካለ በስልክ ኤችቲኤምኤሉ ይቅደም፤ ባለ ሁለት ዓምድ ፒዲኤፍ በስልክ ማንበብ ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች ሲጎትቱ መዋል ነው። ለመጽሐፍም ኢፐብ (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፎርማት) ካለ እሱ ይሻላል፣ ጽሑፉ ከስክሪኑ ጋር ይታጠፋልና። ውል ሲታደስ ግዢ ክፍሉ ይህን እንደ መስፈርት እንዲያስገባ ጠይቁ።

---

ዳዊት_ካምፓስ ሰርቪስ

ፎርሞቹን እኔ ልውሰዳቸው።

ፎቶ የሚጫንባቸው የሬጅስትራር ፎርሞች በስልክ የማይሠሩበት ዋና ምክንያት ብዙ ጊዜ ዲዛይኑ አይደለም፣ የሰርቨር ገደብ ነው። ፒኤችፒ (ፎርሙን የሚያስኬደው የሰርቨር ፕሮግራም) ካልተቀየረ በስተቀር ከ2 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ኤንጂንኤክስ (ጥያቄውን ቀድሞ የሚቀበል የዌብ ሰርቨር) ከፊቱ ካለ ደግሞ የእሱ ነባሪ ገደብ 1 ሜጋባይት ነው። በስልክ ካሜራ የተነሳ የሰነድ ፎቶ በቀላሉ ከዚህ ያልፋል። ኤንጂንኤክሱ 413 (ፋይሉ ከገደብ በላይ ነው) የሚል ባዶ ገጽ ያሳያል፤ ፒኤችፒው ደግሞ ፎርሙ ካልፈተሸው ያለ ፋይሉ ዝም ብሎ ይቀጥላል፤ ተማሪው ያስገባ ይመስለዋል። ሁለቱንም ገደብ አብራችሁ አንሱ፣ 10 ሜጋባይት ለሰነድ ፎቶ ይበቃል። የፒኤችፒውን የጠቅላላ ፖስት ገደብም አስቡ፤ እሱ 8 ሜጋባይት ስለሆነ ካልተነሳ የፋይሉን ገደብ ማንሳት ብቻውን አይረዳም። ከመላኩ በፊት ምስሉን በብሮውዘሩ ውስጥ ማሳነስ ከቻላችሁ ደግሞ የተማሪውን ዳታ ታተርፋላችሁ። የአይፎን ፎቶ በኤችኢአይሲ ፎርማት ሊመጣ እንደሚችልም አትዘንጉ፤ ሰርቨሩ ወደ ጄፔግ መቀየር ይወቅ።

የመታወቂያ ቁጥር ሳጥንን «ቁጥር» በሚል ዓይነት አትሥሩት። ያ ዓይነት ለሚቆጠር ነገር ነው፤ ከፊት ያለ ዜሮ ሊጠፋ ይችላል፣ ሰያፍ ወይም ሰረዝ ያለበትንም አይቀበልም። ዓይነቱ «ጽሑፍ» ይሁንና መታወቂያው አሃዝ ብቻ ከሆነ ኢንፑት ሞዱን ኒዩሜሪክ አድርጉት፤ የቁጥር ኪቦርድ ይመጣል፣ ዜሮውም አይጠፋም። ለኢሜይል የኢሜይል ዓይነት፣ ለስልክ የስልክ ዓይነት፣ ለይለፍ ቃል ደግሞ ራስ ሙላት ክፍት ይሁን። «ለደህንነት» ብሎ ፔስት ማድረግን መከልከል ተማሪውን አጭርና ደካማ ይለፍ ቃል ወደ መምረጥ ይገፋዋል። ስህተት ሲኖር መልእክቱ ከሳጥኑ አጠገብ ይውጣ፣ የተሞላው ሁሉም ይቆይ።

የክፍል ማስያዣው ሠንጠረዥ በስልክ አይድንም፣ አታሳንሱት። ጥያቄውን ገልብጡት። ተማሪው ቀኑን፣ መነሻ ሰዓቱን፣ የሚቆይበትን ጊዜና የሰው ብዛት ይምረጥ፤ ሲስተሙ ነጻ የሆኑትን ክፍሎች ብቻ በዝርዝር ያምጣ። ክፍት ከሌለ ቅርብ ያለውን ሰዓት ያቅርብ። ክፍሉ ሲመረጥ ሰርቨሩ ለጥቂት ደቂቃ ይያዘው፣ ሲረጋገጥም ዳታቤዙ ላይ ዳግም ይፈትሽ፤ ሁለት ተማሪ እኩል ሲነካ ለሁለቱም «ክፍሉ ተይዞልሃል» የሚል መልስ መላክ ጠብ ያመጣል። ለቀን መምረጫ የስልኩን የራሱን ተጠቀሙ፤ ተጨማሪ የጃቫስክሪፕት ካላንደር ከባድ ነው፣ ቀኖቹም ለጣት ይጠባሉ።

የሥራ ሰዓትን ከፒዲኤፍ አውጥታችሁ አንድ ቦታ ብቻ አስቀምጡ፤ ዋናው ገጽም፣ ካታሎጉም፣ የቅርንጫፍ ገጾቹም ከዚያ ያንብቡ። «አሁን ክፍት ነው» የሚለው ምልክት የሚሳሳተው በሁለት ቦታ ነው። አንዱ በፈተና ሰሞን መዝጊያው ከእኩለ ሌሊት ሲያልፍ ነው፦ መዝጊያው ከመክፈቻው ያነሰ ቁጥር ስለሚሆን ቀላሉ ማነጻጸሪያ ቀንም ሌሊትም «ዝግ» ይላል። ሌላው በዓል ነው፤ ልዩ ቀኖች ከመደበኛው ሳምንት በላይ የሚቀድሙበት ዝርዝር ይኑር። ሰዓቱ ከሰርቨሩ ይወሰድ፣ የተማሪው ስልክ ሰዓት የተዛባ ሊሆን ይችላል።

የአውቶቡሱ ፕሮግራም በየፌርማታው ይከፈልና የሚቀጥሉት መነሻዎች ብቻ ይታዩ፣ ሙሉው ዝርዝር ከሥር ይቆይ። ካርታውን በተመለከተ የእያንዳንዱን ሕንጻ መገኛ ነጥብ ወደ ስልኩ የካርታ አፕ የሚወስድ ሊንክ አድርጉት፤ ነጥቡ ጣሪያው መሐል ሳይሆን መግቢያ በሩ ላይ ይሁን። ሊፍትና ለዊልቸር የሚሆነው በር የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽ።

---

አቤል_ፒደብሊውኤ

አፕ ስለሚለው፦ ለሁለት ሰው በአንድ ሴሚስተር አይመከርም። ለአንድሮይድና ለአይፎን ሁለት ግንባታ፣ ሁለት ስቶር፣ በየስርዓተ ክወናው ዝመና ጥገና ይፈልጋል። ያስተካከላችሁት ሳይት ላይ ሰርቪስ ወርከር (ገጾችን ስልኩ ላይ ማስቀመጥ የሚችል ከጀርባ የሚሠራ ስክሪፕት) ብትጨምሩ የአፕን ጥቅም ብዙውን ታገኛላችሁ፣ ኔትወርክ ሲጠፋም ጥቂት ገጾች ይከፈታሉ። ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) የግድ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው ምን እንደሚቀመጥ መምረጡ ላይ ነው። ሲኤስኤስ፣ ፎንት፣ ሎጎ፣ የስልክ ቁጥሮችና ካርታው ይቀመጡ። የሥራ ሰዓት መጀመሪያ ከኔትወርክ ይጠየቅ፣ ካልተገኘ የተቀመጠው «መጨረሻ የታደሰው በዚህ ቀን» ከሚል ጽሑፍ ጋር ይታይ። የውሰት ዝርዝር፣ ቅጣትና ማንኛውም ከሎግኢን በኋላ ያለ ገጽ በፍጹም አይቀመጥ፤ ስልክ ለጓደኛ ይዋሳል፣ ታብሌት ላይብረሪው ራሱ ያውሳል። የወርከሩን ፋይል ራሱን ሰርቨሩ ለረጅም ጊዜ ካሽ እንዲደረግ (ስልኩ ላይ እንዲቀመጥ) አያዝዝ፤ ዝመና ስታወጡ ደግሞ የካሹን ስም በአዲስ የስሪት ቁጥር ቀይሩና አሮጌውን አጥፉ።

 የመጽሐፍ ባርኮድ በካሜራ ማንበብ ያምራል፣ ብዙ ላይብረሪም ይጠይቀዋል፤ ነገር ግን የብሮውዘሩ የራሱ ባርኮድ አንባቢ በአንድሮይድ ክሮም ቢኖርም ሳፋሪ ላይ እንደ ነባሪ አይገኝም። ለአይፎን ሲባል ከባድ የጃቫስክሪፕት ኮድ መጨመር ይመጣል። ይቆይ።

---

ሰሎሜ_ሲስተምስ

አቤል፣ ባርኮዱ ይቆይ በሚለው እስማማለሁ።

---

ጠያቂ፦ ማህሌት_ዌብ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ሆነልኝ። አንድ የቀረኝ አለ። ተማሪዎች ሊንክ የሚቀባበሉት በቴሌግራም ነው፤ ከዚያ ሲከፍቱት ሎግኢን ይደጋገምባቸዋል ወይም የአሳታሚው ገጽ ክፍያ ይጠይቃል። እኛ ቢሮ ስንሞክረው ሁሉም ይከፈታል።

---

ሰሎሜ_ሲስተምስ

ቢሮ የሚከፈተው የካምፓሱ አይፒ አድራሻ በአሳታሚው ዘንድ ስለተመዘገበ ነው። እዚያ ሆናችሁ ፕሮክሲውን በጭራሽ አልፈተሻችሁትም። ዋይፋይ አጥፉና በሞባይል ዳታ ሞክሩ።

ሎግኢን የሚደጋገመው በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው። በቴሌግራም ውስጥ የሚከፈተው ብሮውዘር ኩኪውን (የመግባት ማስታወሻውን) ከዋናው ብሮውዘር ጋር ላይጋራ ይችላል፤ ተማሪው በክሮም ገብቶ ቢሆን እንኳ እዚያ እንደ አዲስ እንግዳ ነው። ያን መቀየር አትችሉም፤ ግን ከገባ በኋላ ወደ ዋናው ገጽ ሳይሆን ወደ ጠየቀው ጽሑፍ መመለሱን አረጋግጡ፣ በመግቢያ ገጹም ላይ «በዋናው ብሮውዘር ክፈት» የሚል አጭር መመሪያ ጨምሩ። ሁለተኛው አይፍሬም ነው። የክፍል ማስያዣውን ወይም የሎግኢን ሳጥኑን ከሌላ ዶሜይን አምጥታችሁ በገጻችሁ ውስጥ ከከተታችሁት ሳፋሪ የሦስተኛ ወገን ኩኪ ስለሚያግድ ተማሪው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል። አይፍሬሙን አንሱና ሙሉ ገጽ በሚከፍት ሊንክ ተኩት።

ክፍያ የሚጠይቀው ደግሞ ሊንኩ ከፊቱ የፕሮክሲው አድራሻ (ቅድመ ቅጥያ) ስለሌለው ነው። ተማሪው ከፍለጋ ሞተር ያገኘውን የአሳታሚ አድራሻ ነው የላከው። በኮምፒውተር ቡክማርክሌት (ሲጫን ቅድመ ቅጥያውን የሚጨምር ቡክማርክ) ይሰጣል፤ በስልክ ግን አስቸጋሪ ስለሆነ በላይብረሪው ገጽ ላይ ሊንክ የሚለጠፍበት አንድ ሳጥን ሥሩ፤ ተማሪው ይለጥፋል፣ ገጹ ቅድመ ቅጥያውን ጨምሮ ይከፍትለታል። የተለጠፈው አድራሻ በኢንኮዲንግ (ልዩ ምልክቶችን ወደ ኮድ በመቀየር) ይለፍ፣ አለበለዚያ የጥያቄ ምልክትና «እና» ምልክት ያለበት ሊንክ መሐል ላይ ሊቆረጥ ይችላል።

የኢዚፕሮክሲውን ቅንብርም እዩት። በፖርት (የሰርቨሩ መግቢያ በር) ቁጥር የሚሠራ ከሆነ ለእያንዳንዱ አሳታሚ የተለየ ፖርት ይከፍታል፣ እነዚያን ፖርቶች የሚዘጉ ኔትወርኮች ደግሞ ብዙ ናቸው፤ ገጹ ሳይከፈት ዝም ብሎ ይሽከረከራል። በሆስት ስም ወደሚሠራው ቀይሩት። ለዚህ በዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስሞች ማውጫ) ላይ የዋይልድካርድ፣ ማለትም ለሁሉም ንዑስ ስሞች የሚያገለግል፣ መዝገብና የዋይልድካርድ ሰርተፍኬት ያስፈልጋል፤ ሰርተፍኬቱ የሚያልቅበትን ቀን ካላንደራችሁ ላይ ያዙ፣ ካለቀ አንድ አሳታሚ ሳይሆን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይዘጋሉ።